የኮልፌው እንግዳ ተማሪ

ለትምህርት ብሎ ከአገሩ የወጣ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ አንደኛው ሊያውቀው የሚመኘው ጥበብ ሲሆን ሁለተኛው የማያውቀው አገር ፍርሃት ነው። ጥበቡን መምህሩ ይሰጠዋል። ፍርሃቱን የሚያርቅለት ግን መምህሩ ብቻ አይደለም፤ በር የከፈተለት ዘበኛ፥ ስሙን በመዝገብ የጻፈለት ጸሐፊ፥ መኝታውን ያሳየው ሰው፥ በወረቀቱ ላይ ማኅተም ያሳረፈለት ሹም ሁሉ በአንድነት ያርቁለታል። ስለዚህ አንድ መንግሥት ወይም አንድ ዩኒቨርሲቲ ለእንግዳ ተማሪ የትምህርት ዕድል ሰጠሁ ባለ ጊዜ የሰጠው ገና እኩሌታውን ብቻ እንደ ሆነ ሊያስብ ይገባዋል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት አዲስ ትምህርት አይደለም። የአብነት ተማሪ ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፥ ቅዳሴ ለመማር ወደ ደብረ ዓባይ ሲሄድ በሄደበት ደብር ሁሉ እንግዳ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በማያውቀው መንደር በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ሲቆም የማታውቀው እናት ከልጆቿ ቁራሽ ከፍላ ትሰጠዋለች። ቀድሞት የመጣው ተማሪ ለጎጆው ሣር ያጭድለታል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ላለው ይቀጽልለታል፤ ቢታመም እሳት የሚያነድለት ጓደኛው ነው። ይህ ሥርዐት ጽሕፈት ቤትም ደመወዝተኛም ሳይኖረው ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንትን ሲያፈራ ኖረ። የመንደሩን ውሻ ብቻ እስከ ዛሬ ድረስ ሊያስታርቀው አልቻለም።

ከባሕር ማዶና ከጎረቤት አገር የሚመጣውን ተማሪ ስለ መቀበል ግን ምስክር የሚሆን ቦታ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለችው ኮልፌ ትበቃለች። ዛሬ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከተባለው ውስጥ የምትገኘው ይህች ሰፈር በ1954 ዓ.ም. የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር የሰፈረባት ነበረች። በዚያ ዓመት ክረምት ሲገባ አንድ የ43 ዓመት ጠበቃ ተማሪ ሆኖ ወደዚህ ጦር ሰፈር ገባ። ይኸውም በኋላ የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኔልሰን ማንዴላ ናቸው።

ማንዴላ ከአገራቸው የወጡት ያለ ፓስፖርት ነበር፤ የዘር ልዩነት ይገዛው የነበረው የአገራቸው መንግሥት ፓስፖርት ሊሰጣቸው አይፈቅድም ነበርና። በዚያው ዓመት በየካቲት ገደማ አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ነጻነት ታጋዮች ጉባኤ ላይ ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። ወደዚህ ሲመጡ ከካርቱም የተሳፈሩበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚነዳው ጥቁር ሰው መሆኑን ባዩ ጊዜ፥ ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ይነዳል ብለው ለአንድ አፍታ እንደ ደነገጡ፥ ወዲያውም በገዛ አሳባቸው እንዳፈሩ በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። እንግዳ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ከክፍል ሳይገባ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተጻፈ ፓስፖርት ሰጣቸው። ማደሪያቸው በኮልፌ ሆነ። መሣሪያ አያያዝ የሚያስተምራቸው፥ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአርበኝነት የተዋጋ አንድ መቶ አለቃ ተመደበላቸው። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ይሠለጥናሉ፤ ታጥበውና ምሳ በልተው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ ይቀጥላሉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ስለ ጦር ጥበብ የቃል ትምህርት ይሰጣቸዋል። ኢላማ መተኮስ፥ ፈንጂ ማጥመድ፥ ጠመንጃና ጥይት ከጥቂት ውሃ ጋራ ብቻ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ የትምህርታቸው ክፍል ነበረ።

የማታውን ትምህርት የሚሰጧቸው፥ እሳቸው በመጽሐፋቸው ኮሎኔል ታደሰ ሲሉ የሚጠሯቸው ታደሰ ብሩ ናቸው። እኒህ ሰው በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሥ የተነሣውን የመንግሥት ግልበጣ በማክሸፍ የታወቁ የፖሊስ ሹም ነበሩ። ስድስት ወር እንዲቆይ የታሰበው ትምህርት ገና በጥቂት ሳምንታት ሳለ ማንዴላ በቶሎ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ቴሌግራም መጣ። እዚህ ላይ የኮልፌው መስተንግዶ ከተራ መስተንግዶ የሚለይበት ነገር ይታያል። ያስተማሩት ሹም ትምህርቱ ተቋርጧል፥ ከእንግዲህ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው አላሉም፤ እሳቸው ራሳቸው እስከ ካርቱም የሚያደርሰውን አውሮፕላን አሰናዱ፥ ለመንገዱም አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡ። የስጦታው ዓይነት ለዩኒቨርሲቲ የሚገባ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ከመግቢያ እስከ መሸኛ የሚጠየቅ አንድ ሰው መኖሩ ግን ለዩኒቨርሲቲም ይገባል።

የወረቀት ነገር ቀላል እንዳልሆነ ደግሞ የሚከተለው ይመሰክራል። ማንዴላ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በአገራቸው ተያዙ። ጥቅምት 28 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረደባቸው አምስት ዓመት ሲሆን፥ ሦስቱ ሠራተኞችን ለአድማ አነሣሥተሃል ተብሎ፥ ሁለቱ ግን ያለ ሕጋዊ የጉዞ ወረቀት ከአገር ወጥተሃል ተብሎ ነው። ማኅተም የሚያሳርፍ ጸሐፊ በእጁ ያለው ነገር ምን ያህል የሰው ዕድሜ እንደሚመዝን ከዚህ ይወቅ።

ኮልፌ ብቻዋንም አልነበረችም። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1950 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል ሰጥታ ነበርና፥ ከኬንያ፥ ከኡጋንዳ፥ ከታንጋኒካ፥ ከናይጄሪያና ከሌላም አገር የመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው ይማሩ ነበር። የብዙዎቹ አገር ያን ጊዜ ገና በቅኝ ግዛት ነበረ። ዕድሉን የሰጡት ሹማምንት ያሰቡት የኢትዮጵያን ወንድማዊነት ማሳየት ነበር፤ ያላሰቡት ነገር ግን ተከተለ። በባዕድ ግዛት ያደጉት እንግዶች ማኅበር ማቆምና በግልጽ መከራከር የለመዱ ሆነው ተገኙ፤ ነጻ አገር ተወልዶ ያደገው ኢትዮጵያዊ ተማሪ በዚህ ተደነቀ፥ እርሱም ተማረባቸው። ይህን በዘመኑ የጠላው ሹም ብዙ ነው። ነገር ግን እንግዳን ወደ ቤት አስገብቶ ቤቱ እንደ ቀድሞው ይቀመጥልኝ ማለት ከንቱ ነው።

የዛሬው ተማሪ ችግር ሽጉጥና ቴሌግራም አይደለም፤ ጥቃቅን ነው፥ ጥቃቅንነቱም ያስንቀዋል። ከናይሮቢ ወይም ከጁባ የመጣ ተማሪ በ3 ሰዓት ተገኝ የተባለ እንደ ሆነ የሚመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ማንም የሰዓቱን አቆጣጠር አልነገረውምና። ማንዴላም በመጽሐፋቸው 8 ሰዓት ብለው የጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት የሆነውን ነው። በዓቢይ ጾም የምግብ ቤቱ ገበታ ለምን እንደ ተለወጠ የሚያስረዳው ከሌለ የተቀጣ ይመስለዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ከአንዱ መሥሪያ ቤት፥ የቀድሞ ትምህርቱ የአቻ ግምት ከሌላው፥ የመኝታው ነገር ከሦስተኛው ነው፤ በሦስቱም መካከል ቋንቋ ሳያውቅ ይመላለሳል።

ከኢትዮጵያ የሚወጣው ተማሪም እንዲሁ ነው። በትምህርት ማስረጃው ላይ የልደት ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ በፓስፖርቱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ከተገኘ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ሁለት ሰው ይመስላል። የአባቱን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው ሲጠሩት ዞሮ አባቱን ይፈልጋል። አንዱ ማስረጃ የስሙን ፊደል በላቲን በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ የጻፈበት እንደ ሆነ ደግሞ የቪዛው ጸሐፊ ጥያቄውን ይመልስበታል። ይህን ሁሉ ከመነሻው ለማቃናት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃ ነበር።

መድኃኒቱም አዲስ መሥሪያ ቤት ማቆም አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ሲበዛ የሚበዛው በር ነው። የሚያስፈልገው በየዩኒቨርሲቲው ስሙና ስልኩ ለተማሪው አስቀድሞ የተነገረ አንድ ሰው ነው፤ ተማሪው ሲደርስ የሚቀበል፥ ሲታመም የሚጠይቅ፥ ወረቀቱ ሲዘገይ በእርሱ ፈንታ ሄዶ የሚከራከር፥ ትምህርቱ ቢቋረጥም የመመለሻውን መንገድ የሚያውቅ። ከእርሱም ጋራ እንደ አብነቱ ሥርዐት ቀድሞ የመጣ ተማሪ ለአዲሱ ይመደብለት። ለዚህ ሰው የሚከፈለው ደመወዝ አንድ ተማሪ በመካከሉ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ከሚባክነው ገንዘብ አይበልጥም።

ተማሪው ከሄደ በኋላ ያለው ነገርም አይዘነጋ። የተማረ እንግዳ ወደ ተማረበት አገር ተመልሶ መምህሩን ሊጠይቅ ይወዳል። ማንዴላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ከ27 ዓመት እስራት ተፈቱ፤ በዚያው ዓመት ክረምት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ሲሰበሰቡ ወደ አዲስ አበባ መጡ። የኮልፌው መምህራቸው ታደሰ ብሩ ግን አልነበሩም፤ አስቀድሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ታስረው፥ በኋላም በደርግ ትእዛዝ በ1967 ዓ.ም. ተገድለው ነበር።