የጎታች መኪና ሞተር ከመለወጡ በፊት

ዛሬ ስለ ናፍጣ ሞተር እናነባለን። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ጠቅጥቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይነዳል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አሳየው።

በኮዬ ፈጬ የተበላሸ ከባድ መኪና የሚጎትት ሰው አለ እንበል። ሞተሩ አርጅቶበት ሌላ ሊያስገባ ነው። ከመክፈሉ በፊት ምን ይጠይቅ?

1. ጉልበቱን። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አየር የሚገፋለት ቱርቦ ያለው ሞተር ይሻላል።

2. ልኩን። ከካምቢዮውና ከፍሪሲዮኑ ጋር ይገጥማል? ራዲያተሩስ ያቀዘቅዘዋል? አስቀድሞ ይለካ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

3. ፍሬኑን። የከባድ መኪና ፍሬን በአየር ይሠራል። አየሩን የሚሞላው ኮምፕሬሰር የሚዞረው በሞተሩ ነው። አዲሱ ሞተር ኮምፕሬሰር አለው? ከሱሉልታ በእንጦጦ ቁልቁል ሌላ መኪና እየጎተቱ ሲወርዱ የብዙ ሰው ሕይወት በፍሬን ላይ ነው።

4. ሊብሬውን። የሞተሩ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። ሞተር ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ መመዝገብ አለበት። ማንበብ የቻለ ሰው ቁጥሩን በገዛ ዓይኑ ያመሳክራል።

ተወያዩ፦ ጉልበት ብቻውን ለምን አይበቃም?