ዓሣ የገደለ ውኃ ለልጅ ይሰጣልን?

በጭሮ፣ ማለት በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ እንዲሁም በሂርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በሚኤሶ አልፎ አልፎ ትንንሽ ዓሣዎችን በመስተዋት ገንዳ ወይም አፉ በሰፋ ጠርሙስ አድርጎ በቤቱ የሚያኖር ሰው ይገኛል። ዓሣዎቹን የሚያመጡት ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ የሚመለሱ ልጆች ናቸው። ሕፃናት ይወዷቸዋል፤ እናት እንጀራ ጋግራ እስክትጨርስም ልጁ ዓሣውን እያየ ዝም ይላል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው እንጂ የሚከለከል አይደለም። ሆኖም ከዓሣው የተነሣ በቤት ውስጥ ብዙ ጭንቀት ስለሚፈጠር፣ ከጭንቀቱም አንዱ በአንድ ሕፃን ላይ ክፉ አደጋ ሊያደርስ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር፣ ይህን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት የሰባት ወር ልጃቸውን አዝለው፣ በእጃቸው ደግሞ ሦስት የሞቱ ዓሣዎች ያሉበት ጣሳ ይዘው ወደ እኛ መጡ። «ዶክተር፣» አሉን፤ (ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ማለት የሀገራችን ልማድ ነውና) «ለልጄ ብዬ የገዛሁት የውኃ መድኃኒት ዓሣዎቹን በአንድ ሌሊት ፈጃቸው። ልጄንማ ምን ያደርገው ይሆን ብዬ ጠርሙሱን ከነመድኃኒቱ ደፋሁት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ የጉድጓዱን ውኃ እንዲሁ ሲጠጣ ሰነበተ። ሕፃኑን ሦስት ቀን አስቀመጠው፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ይህ የሰውነት ውኃ ማለቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። ኦ.አር.ኤስ. በማንኪያ እየሰጠን፣ ዚንክም ጨምረን፣ የእናቱንም ጡት እየጠባ እስኪያገግም እኛው ዘንድ አቆየነው። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ልንቆጣቸው ነበር። በኋላ ስናስበው ግን የሴትዮዋ ጥያቄ የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። በዓይናቸው ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ዓሣን የገደለ ነገር ለልጅ ይበጃል ብሎ ያስረዳቸው ማንም አልነበረም። እንግዲህ ምክንያቱን እንናገር።

ውኃ አጋር የሚባለው መድኃኒት፣ በከተማው ቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚጨመረውም፣ ክሎሪን ነው። ክሎሪን ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡትን በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይገድላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካኗ ጀርዚ ሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ለሕዝቧ የመጠጥ ውኃ ስትጠቀምበት ኖራለች። ሰው ውኃውን ሲጠጣ ክሎሪኑ ገና በምራቅና በጨጓራ ውስጥ ካለው ነገር ጋር ተገናኝቶ ኃይሉን ያጣል፤ ወደ ደም ሳይደርስ ያልቃል ማለት ነው። ዓሣ ግን ውኃን የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የሚተነፍስ ፍጥረት ነው። ከራሱ ግራና ቀኝ ባሉት ቀያይ መተንፈሻዎቹ ላይ ውኃው ሌትና ቀን ያልፋል፤ እነዚህም መተንፈሻዎች ከአበባ ቅጠል የሳሱ ናቸው። ለመጠጥ ውኃ በአንድ ሊትር ግማሽ ሚሊግራም ክሎሪን መልካም ነው፤ ዓሣን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ መጠን ያቃጥለዋል። የእኛስ ሳምባ ቢሆን? በርበሬ ወጥ ውስጥ ገብቶ ሲበላ ይጣፍጣል፤ ምጣድ ላይ ሲጨስ ግን ቤቱን በሙሉ ያስለቅሳል።

ስለዚህ መድኃኒቱን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን በጀሪካኑ ውስጥ ጨምራችሁ፣ ግማሽ ሰዓት አቆይታችሁ ለልጆቻችሁ ስጡ፤ ለዓሣው ግን አትስጡት። (ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም።) ለዓሣው የዝናብ ወይም የምንጭ ውኃ ይሻላል። የቧንቧ ውኃ ከሆነም በሰፊ ባልዲ ቀድቶ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን አሳድሮ ሽታው ሲጠፋ መጠቀም ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ አነጋገርም አለ፤ እንዲያውም እርሱ የባሰ ነው። «ዓሣ የሚኖርበት ውኃ ንጹሕ ነው፤ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ዓሣው ይሞት ነበር» ይባላል። ይህ ከቶ እውነት አይደለም። ሰውን የሚያስተኛ ተሐዋስ ያለበት ውኃ ዓሣውን ላይነካው ይችላል፤ ዓሣው ሽርሽር ሲል ልጁ በተቅማጥ ይወድቃል። የዓሣ መኖርም መሞትም የመጠጥ ውኃ መመርመሪያ አይሆንም።

አሁን ዓሣ ያላቸው ሰዎች ወደሚጠይቁን ሌላ ነገር እንለፍ። «ውኃው በሦስተኛው ቀን እንደ አሬራ ነጣ፣ ዓሣውም አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ያዛጋል» ይሉናል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የምግብ ብዛት ነው። ልጆች ሁሉም በየተራ የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ይጥላሉ፤ የተረፈው ይበሰብሳል፤ ብስባሹና የዓሣው ዓይነ ምድር አሞንያ የሚባል መርዝ ይሆናል። በገንዳው ጠጠርና አሸዋ ላይ ይህን መርዝ የሚያበርዱ ደጋግ ተሐዋስያን ይራባሉ፤ ነገር ግን በቂ ሆነው እስኪበዙ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። አዲስ ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞተው ስለዚህ ነው። ታዲያ እናት ውኃው ቆሸሸ ብላ ሁሉንም ትደፋና ጠጠሩን በሳሙና ትፈትጋለች። ኧረ ተይ! ደጋጎቹ ተሐዋስያን አብረው ታጠቡ፤ ነገሩ እንደገና ከሀ ይጀመራል። በየሳምንቱ ከአራት እጅ አንዱን ብቻ ቀድቶ መለወጥ፣ በቀን አንድ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ መስጠት ይበቃል። በአንድ ጠርሙስም አሥር ዓሣ አይታጎርም።

ብርድም ያስጨንቃል። ከሞቃት አገር የመጣ እንደ ጋፒ ያለ ትንሽ ዓሣ 24 ዲግሪ አካባቢ ይወዳል፤ የጭሮ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለእርሱ ከባድ ነው። የሚኤሶ ሰዎች በዚህ አይቸገሩም። ማሞቂያ ያለው ሰው መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይጠቅልል፤ ማሞቂያ የሌለው ደግሞ ብርድ የሚችለውን ወርቃማ ዓሣ ቢይዝ ይሻለዋል። እጅ ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊትም ማሞቂያው ከሶኬቱ ይነቀል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ለይተን እንናገራለን፤ ይኸውም የጫት ነገር ነው። የተባይ መድኃኒት የተረጨበትን ጫት የለቀመ ወይም ያሰረ እጅ ሳይታጠብ ገንዳው ውስጥ ቢገባ ዓሣው ሊያልቅ ይችላል። ይህ እንደ ክሎሪኑ አይደለም፤ ይህ መርዝ ለሕፃኑም መርዝ ነው። ያ እጅ ለልጅ አጉርሶ፣ ጡትም ይዞ አጥብቶ ይሆናል። ጫት ነክታችሁ ስትመለሱ ከሁሉ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የመርጫ መድኃኒት የነበረበትንም ጀሪካን ምንም ያህል ብታጥቡት የውኃ መቅጃ አታድርጉት።

«ገንዳው ወባ አያመጣብንም ወይ?» ለሚሉም መልስ አለን። ዓሣ ያለበት ገንዳ የትንኝ እጭ አያሳድግም፤ ዓሣው ይበላዋልና። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ባለችው በአሰብ ወደብ አፋኒየስ ዲስፓር የሚባል የዚያው አካባቢ ትንሽ ዓሣ ውኃ በሚጠራቀምበት ስፍራ እየተጨመረ የእጩን ቁጥር እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ገልጿል። አደጋው ያለው ዓሣ በሌለበት፣ ክዳንም በሌለው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። አኖፌለስ ስቴፌንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሀር ተገኘች፤ በ2022 ደግሞ በጎረቤታችን በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆነች። ይህችኛዋ ረግረግ አትጠብቅም፤ በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ ትፈለፈላለች። በ2013 ድሬዳዋን ያስጨነቀውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈውም ትንኝ እንዲሁ ናት። እንቁላል ትንኝ ሆኖ ለመብረር አንድ ሳምንት ያህል ስለሚበቃው በርሜሉን ከሳምንት ባነሰ ጊዜ አፍስሱት፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላል በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ድርቀትን ስለሚችል ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት፤ ከዚያም ክደኑት። ዓሣ አለን ብላችሁ ግን አጎበራችሁን እንዳትጥሉ፤ የመጠጥ ውኃ በርሜልም ውስጥ ዓሣ አትጨምሩ። በአጎበሩ ላይ ያለው መድኃኒት ዓሣን ክፉኛ ስለሚጎዳ አጎበር የታጠበበትን ውኃ ወደ ወንዝ መድፋት ነውር ነው።

ስለ እጅ አጭር ቃል፤ የገንዳ ውኃ ተቅማጥ የሚያመጣ ተሐዋስ ሊኖርበት ይችላል፤ በእጅ ቁስል ገብቶ ለብዙ ወር የማይድን እብጠት የሚያወጣም አለ። ስለዚህ ቁስል ያለበት ሰው ገንዳ አያጥብ፤ ልጆችም ዓሣውን ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ። የተቀዳውን ውኃ በወጥ ቤት ዕቃ ላይ ሳይሆን በደጅ አትክልት ሥር አፍስሱት። የሰለቻችሁን ዓሣ ለሌላ ሰው ስጡ እንጂ ወደ ምንጭና ወደ ኩሬ አትልቀቁ።

እኒያ እናት ከወር በኋላ ልጃቸውን ሊያስመዝኑ መጡ። ትልቁ ልጃቸው ሌላ ሁለት ዓሣ አምጥቶላቸዋል። ውኃ አጋር የተጨመረበት ጀሪካን ከነክዳኑ በመደብ ላይ ይቀመጣል፤ የዓሣው ባልዲ ደግሞ በበሩ በኩል ነው፤ ማንም እንዳይሳሳት በእጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረውበታል። «ኩባያውም ለየብቻ ነው፣» አሉን፤ ሳንጠይቃቸው።