ቤት የሚሠራበት እንጨት ከወዴት ይምጣ

በምሥራቅ ጎጃም፥ ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ባለው አገር፥ የቤት ምሰሶና ማገር የጣራውም ወራጅ ዛሬ በብዙ ስፍራ ከባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቀድሞ ግን ቤት የሚሠራው ከጽድና ከወይራ፥ ከዋንዛም ነበረ። ደኑም ለእርሻ ተመንጥሮ፥ ለቤትና ለማገዶ ተቈርጦ ባለመተካቱ፥ የቀረው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር የተጠበቀው ነው።

እንጨት ለቤት ሥራ ከሲሚንቶ የሚመረጥበት አንድ ምክንያት አለ። ዛፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር በቅጠሉ ስቦ ካርቦኑን በግንዱ ያኖረዋል፤ ከደረቀ እንጨት ክብደት እኩሌታው ያህል ካርቦን ነውና። ይህ አየር ሲበዛ ሙቀትን ይዞ ምድርን ያሞቃል። እንጨቱ ካልተቃጠለና ካልበሰበሰ ግን ካርቦኑ በቤቱ ውስጥ እንደ ታሰረ ይኖራል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ተቃጥሎ ስለ ሆነ፥ ከማገዶውም ከድንጋዩም ይህ አየር ይወጣል፤ በዓለም ሁሉ ሰው ከሚያወጣው ከመቶው 7 ወይም 8 እጅ ያህሉ የሲሚንቶ ነው።

ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው የተቈረጠው ሲተካ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቈጠቍጣልና፥ ቡቃያው ከከብት ተጠብቆ ጥቂቱ ብቻ ቢተው፥ ከአንድ ተክል ብዙ ጊዜ መቍረጥ ይቻላል። የደብርን ጽድ ቈርጦ ቤት መሥራት ግን የብዙ ዘመን ክምችትን ማባከን ነው። ባሕር ዛፍም ውሃ አብዝቶ ስለሚስብ፥ አጠገቡ ያለውንም ሰብል ስለሚጐዳ፥ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ ለጤፍ በማይስማማ ተዳፋት ሊተከል ይገባል።

የቤቱም ዕድሜ ነገሩን ይወስነዋል። ምስጥ በልቶት በጥቂት ዓመት የሚወድቅ ቤት ሌላ እንጨት ያስቈርጣል። ስለዚህ እንጨቱ ተልጦ በጥላ ይድረቅ፤ ምሰሶው በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ የጣራው ክፈፍ ግድግዳውን ከዝናም ይከልል።

መምህራን ለተማሮቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለመንደራቸው ይህን ቢያስረዱ መልካም ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ምትኩን አስቀድሞ ቢተክል፥ ልጁ ጎጆ በሚወጣበት ጊዜ እንጨቱ ደርሶ ይጠብቀዋል፤ የደብሩም ዛፍ ሳይነካ ይኖራል።