የታናሺቱን መርከብ ገላ በሳንቃ ስለ ማልበስ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1765 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከቻተም የመርከብ መሥሪያ ወደ ውሃ የወረደችውን፣ ዛሬም በፖርትስመዝ ወደብ ተጠብቃ የምትገኘውን «ቪክቶሪ» የተባለችውን የጦር ሐመር በእንጨት አሳንሶ ለመሥራት የሚነሣ ሰው፣ ከሥራው ሁሉ ይልቅ ትዕግሥቱ የሚፈተነው ገላዋን በቀጫጭን ሳንቃ በሚያለብስበት ጊዜ ነው።

አስቀድሞ በረጅሙ የመሠረት እንጨት ላይ የተተከሉት ክፈፎች ጠርዛቸው የመርከቢቱን ጉብጠት ተከትሎ በብርጭቆ ወረቀት ሊፋቅ ይገባል፤ ሳንቃው በጠርዙ ስፋት ሁሉ ካላረፈ ኮላው አጥብቆ አይዝምና። የመርከቢቱ ወገብ ሰፊ፣ ጫፎቿ ግን ጠባብ ስለ ሆኑ፣ እያንዳንዱ ሳንቃ ወደ ፊተኛው ጫፍ እየቀጠነ እንዲሄድ በየክፈፉ ተለክቶ ይላጋል፤ በኋላ በኩል ክፍተት ሲገኝ ደግሞ እንደ ሽብልቅ የሾለ ቁራጭ ይገባበታል። እንጨቱም ውሃ ጠጥቶ በሙቀት ሲለዝብ ሳይሰበር ይታጠፋል። አንዱ ጎን ብቻ ቀድሞ ቢለበስ መሠረቱ ሊጣመም ስለሚችል፣ ቀኝና ግራው በየተራ ይሠራል።

ብዙዎቹ አምሳያዎች ሁለት ልብስ አላቸው፤ የመጀመሪያው ቅርጹን ያጸናል፣ ሁለተኛው ስስ ልባጥ ውበቱን ይገልጻል። ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሰው በኋላ በሚሸፈነው በመጀመሪያው ልብስ ላይ እጁን ቢያለማምድ፣ የጥበቡን ሥርዓት ያለ ፍርሃት ሊማር ይችላል።