ድንበር ገፊው እንጆሪ

«ልጄ፣ እሾህህን ሰብስብልኝ።»

እንዲህ ያሉኝ ሲያትል ውስጥ በጋራ አትክልት ቦታ አጠገቤ የሚያለሙ እናት ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሳይ በጎመናቸው መሐል ጣት የምታህል ቀላ ያለች ቡቃያ ብቅ ብላለች። የኔው ራስበሪ ነው። ከተከልኩበት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ የእግር መንገዱን ከሥር አልፎ ሄዷል። አገር ቤት ቢሆን በድንበር ገፊነት ሽማግሌ ፊት ያስቀርበኝ ነበር።

የከተማው የጋራ አትክልት ቦታዎች ፒ-ፓች ይባላሉ። «ፒ»ዋ የፒካርዶ ቤተሰብ ስም መነሻ ናት፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙ የተጀመረው በእነሱ እርሻ ላይ ነው። የኔ መደብ 100 ካሬ ጫማ ነች፤ 9 ካሬ ሜትር ገደማ። እዚህች ላይ ቲማቲም ቢያጠፋ የሚያጠፋው በራሱ ነው፤ እንጆሪ ግን ጎረቤት ያጣላል።

አማርኛችን ሦስት ተክሎችን በአንድ ስም እንጆሪ ይላቸዋል። በደጋ ወንዝ ዳርና በአጥር ጥግ እየለቀምን ያደግነው የዱር እንጆሪ የራስበሪና የብላክቤሪ የቅርብ ዘመድ ነው። ስትሮበሪ ግን በስም ተጠጋ እንጂ ዝምድናው የራቀ ነው። ስሙ አንድ መሆኑ ባልከፋ፤ ወሰን የሚሻገሩበት መንገድ ግን የየራሳቸው ነው። መንገዱን ያላወቀ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲነቅል ይከርማል።

ስትሮበሪ በግልጽ ነው የሚሄደው። ቀጭን ሐረግ በአፈሩ ላይ ይለቅና ጫፉ ላይ ልጅ ያበቅላል፤ ልጁም ሥር ሰድዶ የራሱን ሐረግ ይለቃል። ሐረጉ የእናት ተክሏን ጉልበት ስለሚወስድ ወዲያው በመቀስ መቁረጥ ፍሬውን ያበዛል። ሁሉንም ግን አይቆርጡም። እናቲቱ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ስለምትደክም፣ አንዱን ልጅ ሐረጉ ሳይቆረጥ አፈር በሞላ ጣሳ ላይ አስቀምጦ በሽቦ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ሥር ሲይዝ ይለያል፤ ተተኪ ተገኘ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ይህ ትልቅ ፍሬ ያለው ስትሮበሪ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ፍሬዚዬ የተባለ መሐንዲስ የቺሊን ምሽግ ሊሰልል ተልኮ በ1714 ከዚያው ችግኝ ይዞ ተመለሰ። ችግኞቹ ሴቴ ብቻ ስለነበሩ ፍሬ አልሰጡም፤ አጠገባቸው የሰሜን አሜሪካው ዘር ሲተከል ግን ተዳቅለው የዛሬውን ወለዱ።

ራስበሪ የሚሄደው ተደብቆ ነው። ሥሩ ለዓመታት ይኖራል፤ ዘንጉ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው አፍርቶ ይደርቃል። ስለዚህ ከለቀማ በኋላ ያፈራውን ቡናማ ዘንግ ከአፈሩ እኩል ቆርጦ አረንጓዴውን መተው ይገባል። ሁሉንም የጨረገደ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ብቻ ያያል። (በመጸው የሚያፈራው ዓይነት ሌላ ነው፤ እሱ በዚያው ዓመት ዘንግ ላይ ስለሚያፈራ በክረምቱ ማብቂያ ጠቅላላ ቢቆረጥ ግድ የለውም።) አዲሶቹ ቡቃያዎች የሚወጡት ከሥሩ ነው፣ ደስ ባለው ቦታ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በመቀስ እቆርጣቸው ነበር። ቆርጬ ዞር ስል ከዚያችው ሥር መልሰው ይበቅላሉ። መፍትሔው፣ ቡቃያዋ ገና ስንዝር ሳትሞላ፣ አፈሩ እርጥብ እያለ፣ ወደ ታች ገብቶ ነጭ ከሆነው አንገቷ ይዞ ከሥሯ ቁራጭ ጋር መንቀል ነው። ዘላቂው ግን አጥር ነው፤ ከላይ ሳይሆን ከመሬት በታች። ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል። ከአፈሩ በላይም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ሥሩ ከላይ ዘሎት ይሻገራል። መቆፈር የሰለቸው ታቹ የተበሳ በርሜል ውስጥ ይትከል።

ብላክቤሪ ደግሞ ይዘላል። ረጅም ዘንጉ እንደ ቀስት ይጎብጥና ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ጫፉ አፈር ሲነካ እዚያው ሥር ይሰዳል። ጫፉ መሬት ሳይደርስ ሽቦ ላይ ካላሰሩት በአንድ ወቅት ሁለት ሦስት ሜትር ተራምዶ ያገኙታል። ሲያትል ይህን በደንብ ታውቀዋለች። የካሊፎርኒያው አዳቃይ ሉተር በርባንክ ከሕንድ ባገኘው ዘር ያሳደገውን ብላክቤሪ «ሂማላያ ጃይንት» ብሎ ለገበያ አቀረበ። የዕፅዋት ሊቃውንት መነሻው አርመንና አካባቢዋ ነው ይላሉ። ዛሬ የሲያትልን መንገድ ዳር፣ የባቡር ሐዲድና ባዶ ቦታ ሁሉ ወርሶ ተቀምጧል፤ ከተማዋ ያለችበት አውራጃ (ካውንቲ) ጎጂ አረም ብሎ መዝግቦታል።

ጎረቤቴ እናት ያቺን የራስበሪ ቡቃያ ነቅዬ ስጥል፣ «ተው፣ ለልጄ ግቢ እወስዳታለሁ» ብለው በፌስታል ቋጠሯት። በርሜል እንዲገዙላት ነገርኳቸው። ለአንባቢም የምለው ይኸው ነው፤ ከመትከልዎ በፊት የአትክልት ቦታዎን ደንብ ይጠይቁ፣ አንዳንዱ የሚስፋፋ ተክል ጭራሽ አይፈቅድም። ከተፈቀደ ለ9 ካሬ ሜትር ስትሮበሪ ይበቃል። ራስበሪ በበርሜል ይሁን። ብላክቤሪ ከፈለጉ ግን አይትከሉት፤ መንገድ ዳር ሄደው ይልቀሙ።