ሲሮጡ የታጠቁት… የቤታችን ሽቦ መገናኛዎች



እንደሚታወቀው ኮረንቲ የገባለት ቤተሰብ ኑሮው ከኮረንቲ ጋር የተሳሰረ ነው። እንጀራ የሚጋገረው፣ ሻይ የሚፈላው፣ ልጆች የሚያጠኑት፣ ስልክ የሚሞላው በዚሁ ነው። ይህም ሆኖ ግን ብዙዎቻችን የምናየው አምፖሉን፣ ሶኬቱንና ምጣዱን ነው። ከኮርኒስ በላይ፣ ከግድግዳ ውስጥ ሁለት ሽቦዎች የሚገናኙባትን ትንሽ ቦታ የሚያስታውሳት የለም። አደጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያች ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ስለዚህችው መገናኛ፣ እንዲሁም በቅርብ ዘመን ስለመጣው ባለ ማንሻ የሽቦ ማገናኛ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባውን እናቀርባለን።

ቤቱ ሲቀጠል ሽቦውም ይቀጠላል

የሐይቅ ከተማን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዋ ከደሴ በስተሰሜን፣ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ስትሆን ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ ጎረቤቷ ነው። በዚህ አካባቢ፣ በሌሎችም የአገራችን ከተሞች እንደምናየው፣ ብዙ ቤቶች ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሳቸውም ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ነው። ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል ይጨመራል፤ ለተከራይ ሲታሰብ ከጓሮ ሰርቪስ ይሠራል። ሽቦውም ከነባሩ ላይ ይቀጠላል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት አባወራ ያስተናግዳል።

ታዲያ እነዚህ ቅጥያዎች እንዴት ተሠሩ? አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሽቦዎች በጥርስ ወይም በቢላዋ ይላጣሉ፤ በእጅ ይጠመዘዛሉ፤ በፕላስተር ይጠቀለላሉ፤ ከዚያም ኮርኒሱ ላይ ይጣላሉ። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ያፈሳል። አይጥ ፕላስተሩን ይበላል። የተራቆተው ሽቦ ቆርቆሮውን ወይም የብረት በሩን ሲነካ ቤቱ ራሱ ሰው ይይዛል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

መገናኛው ለምን ይግላል?

ነገሩን በቁጥር እንየው። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት የሆነውን ምጣድ ብንወስድና በአገራችን የቤት መስመር በ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ኮረንቲ በዚያች መገናኛ በኩል ማለፍ አለበት።

መገናኛዋ ጥብቅ ከሆነች ኮረንቲው ሳይቸገር ያልፋል። ላልታ 0.1 ኦም ያህል ብቻ ብታግደው ግን በቦታው የሚፈጠረው ሙቀት 16 በ16 ተባዝቶ፣ እንደገና በ0.1 ተባዝቶ 25 ዋት ከፍ ይላል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት መበየጃ የሚያወጣውን ያህል ሙቀት ነው። እንግዲህ የጋለ መበየጃ ኮርኒስ ላይ፣ ከጨርቅና ከደረቀ እንጨት መሐል አስቀምጦ አንድ ሙሉ ሰዓት እንጀራ መጋገር ማለት ምን እንደሆነ ልብ ይሏል!

«ብሬከር አለልን አይደል?» የሚል ይኖራል። ብሬከር የሚከታተለው የኮረንቲውን ብዛት ነው። በላላው መገናኛ የሚያልፈው ግን ያው የተለመደው 16 አምፔር ስለሆነ ብሬከሩ ጥፋት አያይም፤ አይወርድምም። ከዚህም ባሻገር መዳብ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በየጋገራው ይህ ሲደጋገም በእጅ የተጠመዘዘው ይበልጥ ይላላል፤ ሲላላ ይበልጥ ይግላል።

በረመዷን ጉዳዩ ይከብዳል። ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ የሻይ ማፍያውም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ቤተሰብ ለኢፍጧር በሚሰበሰብበት ሰዓት ሽቦው ከዓመቱ ሁሉ የከበደ ጭነት ይሸከማል።

ባለ ማንሻው ማገናኛ

ለዚህ ችግር መፍትሔ ፍለጋ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ስኮትላንድ ተወልዶ በካናዳ ይሠራ የነበረው ዊልያም ማር እ.ኤ.አ. በ1914 በተጠመዘዙ ሽቦዎች ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የሚገጠም ማገናኛ ሠራ። በኋላም በጀርመን አገር በሚንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው ዋጎ የተባለው ድርጅት በብሎን ፈንታ ሽቦን በስፕሪንግ የሚይዝ አሠራር አስፋፋ። ዛሬ በብዙ አገር ኤሌክትሪሺያኖች እጅ የሚገኘው ትንሹ ብርሃን አሳላፊ ማገናኛ የዚህ ሐሳብ ውጤት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብርቱካናማውን ማንሻ ወደ ላይ ስናነሣው ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ይከፈታል። የተላጠው ሽቦ ይገባል። ማንሻው ሲታጠፍ ስፕሪንጉ ሽቦውን ከመዳቡ ጋር አጣብቆ ይይዛል። ብሎን በጊዜ ብዛት ሊላላ ይችላል፤ ስፕሪንግ ግን ሽቦው ሲለጠጥም ሲሰበሰብም አብሮት ስለሚሄድ ጭብጡን አይለቅም። ጠጣሩን ባለ አንድ ሽቦም ሆነ ለስላሳውን ባለ ብዙ ክር ሽቦ በአንድነት ያገናኛል። ሁለት፣ ሦስትና አምስት ቀዳዳ ያላቸው አሉ። የተለመደው መጠን እስከ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚቀበልና ለ32 አምፔር የተሠራ ሲሆን፣ እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚቀበልም አለ።

እንዴት እንገጥመዋለን?

አንደኛ፣ ዋናውን ብሬከር እናወርዳለን፤ ሌላ ሰው እንዳይመልሰውም ለቤተሰቡ እንናገራለን። ከዚያም ሽቦውን ከመንካታችን በፊት በቴስተር እናረጋግጣለን። ቴስተሩ ራሱ የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ በሕያው ሶኬት ላይ መፈተን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የተቃጠለ ወይም የጠቆረ የሽቦ ጫፍ ካለ ቆርጠን እንጥላለን። አዲሱን ጫፍ 11 ሚሊ ሜትር ያህል እንልጣለን። ርዝመቱ በማገናኛው ጎን ላይ ስለተመለከተ በዚያ መለካት ይቻላል። ባለ 6 ካሬው ግን ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ቀዳዳ አንድ ሽቦ ብቻ እናስገባለን። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በአንድ ቀዳዳ መክተት ማገናኛውን ከንቱ ያደርገዋል።

አራተኛ፣ ማንሻውን እስኪተኛ ድረስ እናጥፋለን። ሽቦው እስከ መጨረሻው መግባቱን በጎኑ አሻግረን እናያለን፤ የተራቆተ መዳብም ወደ ውጭ እንዳልቀረ እንመለከታለን። በመጨረሻም እያንዳንዱን ሽቦ በለስታ ስበን እንፈትናለን።

አምስተኛ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ጃንክሽን ቦክስ ውስጥ እናስቀምጣለን። ቦክሱም ወደፊት ተከፍቶ የሚታይ መሆን አለበት፤ በልስን ወይም በጄሶ አይሸፈንም።

የማይሠራው ሥራ

ይህ ማገናኛ በጎ ነገር ቢሆንም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ስላለ ልንጠነቀቅ ይገባል። በላዩ 32 አምፔር ተጽፎ ማየት ሽቦውን 32 አምፔር እንዲሸከም አያደርገውም። ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ሽቦ ምጣድ ቢቀጠልበት መገናኛው ደህና ሆኖ ሽቦው ራሱ ሊነድድ ይችላል። ምጣድ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይዞ መምጣት አለበት።

ማገናኛው ውኃም አይከላከልም። በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር፣ በመታጠቢያ ቤት ወይም በደጅ ውኃ የማያስገባ ቦክስ ያስፈልገዋል። የአርዝ መስመርንም አይተካም። ምጣዱና የብረት በሩ ሰው እንዳይዙ የሚያደርገው በአግባቡ የተቀበረ አርዝ ነው። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ የሚመጣው መስመር ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ እሱም ሆነ የቆጣሪው ማኅተም የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኞች እንጂ የቤተሰብ ሥራ አይደለም።

ከገበያ ስንገዛም እናስተውል። ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ ስንት አምፔርና ስንት ካሬ እንደሚችል ያልተገለጸበት፣ ማንሻው የሚንገላወድ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ለምጣድ መስመር አይታመንም። ትክክለኛው ካልተገኘ በልኩ የተመረጠና በካቻቪቴ በደንብ የጠበቀ ባለ ብሎን ማገናኛ ቦክስ ውስጥ ገብቶ ይሻላል።

ማንም የማያየው ሥራ

የሽቦ ሥራ ከሌላው የሚለየው ሲያልቅ የሚሸፈን በመሆኑ ነው። ግድግዳ ቢጣመም ባለቤቱ ያየዋል። ኮርኒስ ውስጥ ያለችውን መገናኛ ግን የሠራት ሰውና አላህ ብቻ ያውቋታል። ስለዚህ በሙያው የተሰማራ ወንድማችን እያንዳንዷ መገናኛ በእጁ ያለች አማና መሆኗን ማሰብ ይገባዋል። የሚተኛባት የሌላ ሰው ልጅ ነው።

አሠሪውም ነፃ አይደለም። ለምጣፍና ለመጋረጃ ሳይሰስት በሽቦ ዋጋ ላይ የሚከራከር፣ «ባለው ቀጥለውና ሂድ» እያለ ሠራተኛውን የሚያጣድፍ አባወራ ከጥፋቱ ድርሻ አለው። አከራይም ሰርቪሱን ሲያከራይ የሽቦውን ደህንነት አብሮ ማስረከብ አለበት።

ወጣቶች ሆይ! የተማራችሁት የፊዚክስ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ የሚጠቅምበት ጊዜ ይህ ነው። አዲስ መስመር መዘርጋት ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው። መመልከት ግን ትችላላችሁ። ከጋገራ በኋላ የምጣዱ ሶኬት ይግላል? ጠቁሯል? የላስቲክ ሽታ አለ? ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ይርገበገባል? ከነዚህ አንዱ ከታየ ምጣዱን አጥፍታችሁ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ። እሳት ከተነሳም ብሬከሩ ሳይወርድ ውኃ አይደፋም። ኮረንቲ የያዘውን ሰውም መስመሩ ሳይጠፋ በእጅ አትንኩ።

ረመዷን ከመግባቱ በፊት አንድ ቅዳሜ መርጦ ባለሙያ ጠርቶ ኮርኒሱን ማስፈተሽ፣ የተጠማዘዘውን ሁሉ በማገናኛና በቦክስ ማስተካከል ለቤተሰብ ከሚደረጉ ዝግጅቶች አንዱ ቢሆን መልካም ነው እንላለን። አላህ ቤቶቻችንን ከእሳት ይጠብቅልን።