የመልካ ጀብዱ እሾሆችና የሳይንስ ስማቸው

መልካ ጀብዱ የድሬዳዋ ቆላማ ዳርቻ ናት። የፋብሪካ አጥር ያልደረሰበት ሜዳዋ በእሾሃም ዛፍ የተሞላ ነው። ነዋሪው ኦሮሚኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እያቀያየረ ስለሚናገር አንዱ ዛፍ ሦስት ስም አለው። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ አራተኛው ስም በእንግሊዝኛው የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ይጠብቀዋል። ይህኛው ብዙ ጊዜ ለፈተና ተሸምድዶ በማግስቱ ይረሳል። ደጅ ወጥቶ ዛፉ ሥር ለሚማረው ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም።

እሾህን እንውሰድ። በአማርኛ የሚወጋ ሁሉ እሾህ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ግን የሚወጋው ነገር ከምን እንደ በቀለ ይጠይቃል። ከቅርንጫፍ የተለወጠው ቶርን ይባላል፤ ከቅጠል፣ ወይም በቅጠሉ እግር ግራና ቀኝ ከሚወጡት ስቲፑሎች የተለወጠው ስፓይን፤ ከላይኛው ልባስ የበቀለው ደግሞ ፕሪክል። የጽጌረዳ እሾህ ፕሪክል ስለሆነ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ተላቆ ይወድቃል። የብርቱካን እሾህ ቶርን ነውና እንዲህ በዋዛ አይለቅም።

ይህን የያዘ ሰው ግራር ሥር ቢቆም የሚያየው ይጨምራል። ጃንጥላ መስሎ የሚዘረጋውን፣ በኦሮሚኛ ዳዳቻ የሚባለውን ግራር ቅርንጫፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ ነጫጭ እሾሆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጥተዋል፤ በመካከላቸው አጫጭርና ቆልማማ የሆኑም አሉ። ፍሬው እየተጠማዘዘ ይንጠለጠላል፤ በሳይንስ ስሙ ቶርቲሊስ የተባለውም በዚሁ ጠመዝማዛነቱ ነው።

ከሁለት ቃል የሚሠራውን የሳይንስ አሰያየም እ.ኤ.አ. በ1753 ያጸናው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ይናገራል። ቋንቋው በላቲን ወግ ስለሚሄድ የእንግሊዞችም የማንም አይደለም። ግን ዘላለማዊ ነው ብሎ የሚያስተምር መምህር ካለ ተሳስቷል፤ ምስክሩም ራሱ ግራር ነው። የቀደሙት መጻሕፍት አካሺያ ቶርቲሊስ ይሉታል። በኋላ ሊቃውንቱ አካሺያ ይባል የነበረው ትልቅ ወገን መከፋፈል እንዳለበት ተስማሙ። አካሺያ የሚለው ስም ለየትኛው ይቅር በሚለው ግን ተጣሉ። ስሙ በጥንት ግሪኮች ዘንድ ለግብፁ እሾሃም ዛፍ የተሰጠ፣ የአፍሪካ ስም ነበር። አውስትራሊያ ግን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ስላሏት የሚለወጠው ስም እንዲያንስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና፣ በ2011 ሜልበርን በተደረጉት ጉባኤዎች ለእሷ ጸና። ከአውስትራሊያዎቹ አብዛኞቹ እሾህ እንኳ የላቸውም! የእኛው ግራር ቫቼሊያ ቶርቲሊስ ተባለ፤ ቫቼል በማካዎ ያገለግል የነበረ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ሥራ ለማቅለል የተወሰነ ነው ቢባልም ለእኔ ፍርደ ገምድል ነው። ደንብ ነውና እንጠቀምበታለን።

ሌላው የሜዳው እሾሃም እንግዳ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ ወደ አገራችን ሲገባ የተተከለው ሩቅ ቦታ ሳይሆን እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነበር። ፍየል ጣፋጩን ፍሬ በልታ ዘሩን በበጠጥ ትበትነዋለች፤ እንዲህ እየተዛመተ አፋርን ወረረ። አፋሮች ከነገሠው መንግሥት ጋር እያያያዙ የደርግ ዛፍም፣ የወያኔ ዛፍም ብለውታል። የሳይንሱም ስም አልተረጋጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔልቱማ ጁሊፍሎራ ሆኗል። በበይነ መረብ ስለ አረሙ የምትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ፤ አለበለዚያ ግማሹ ጥናት ያመልጣችኋል።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ በአገራችን የሚይዘው እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ተጨፍልቀው የደረቁ ዕፅዋት በወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ማን፣ የትና መቼ እንደ ለቀማቸው ተጽፎ ይቀመጡበታል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተሰኘው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍም የተሠራው በዚህ ክምችት ላይ ተመሥርቶ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀምሮ በ2009 አለቀ፤ ከአዘጋጆቹ መካከል ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል።

የድሬዳዋ የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሜዳው ላይ ይሁንላችሁ። ለመጨፍለቂያ አሮጌ ጋዜጣና ሁለት ጣውላ ይበቃል። አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ቅጠል ብቻውን ለመለየት ያስቸግራል። ቦታውን፣ ቀኑንና የዛፉን ቁመት መዝግቡ፤ የኦሮሚኛ፣ የሶማሊኛና የአማርኛ ስሙንም ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ጨምሩበት። የአበባውን ቀለም እዚያው ጻፉ፤ ሲደርቅ ይጠፋል።